ከቃል ወደ ጽሑፍ፣ ከጽሑፍ ወደ ፈተና
የግሬስ ሆፐር ሕይወትና ሥራ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአበው ብሂል በሞያተኞች ዘንድ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መልካም ጎኑ ብቻ ነው። የተጻፈ ነገር ለተተኪው ትውልድ መተላለፉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በተጻፈው ውስጥ ስሕተት ካለ ስሕተቱም አብሮ ይወረሳል። የብራና መጻሕፍትን ይገለብጡ የነበሩት ቁም ጸሐፊዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አንድ ጸሐፊ የዘለለው መስመር ከእርሱ ቅጂ በተገለበጡት ሁሉ ላይ እንደ ጎደለ ይኖራል።

ስለ ማሽን የተጻፈ መመሪያ ሲሳሳት ደግሞ ጉዳቱ በንባብ ብቻ አያበቃም። በአንድ ትልቅ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ሌሊት ተረኛ የሆነ ባለሞያ ማሽኑ ድንገት ሲቆምበት የሚመለከተው ወደ መመሪያው ነው። መመሪያው ከማሽኑ ጋር የማይስማማ ከሆነ ባለሞያው ከነጭራሹ መመሪያ ከሌለው ሰው ይልቅ በባሰ አደጋ ላይ ይወድቃል። ምክንያቱም መመሪያ የሌለው ሰው እየተጠራጠረ ይሠራል፤ የተሳሳተ መመሪያ የያዘ ሰው ግን አምኖ ይሠራል።

ይህን ችግር ከኮምፒዩተር ዘመን መባቻ ጀምረው ከተጋፈጡት ሰዎች አንዷ አሜሪካዊቷ የሒሳብ ሊቅና የባሕር ኃይል መኮንን ዶክተር ግሬስ ሆፐር ናቸው። ስማቸው ዘወትር የሚነሣው ኮቦል ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር ነው። የሕይወታቸው ታሪክ በሙሉ ሲመረመር ግን ከአንድ ጥያቄ ጋር ሲታገሉ እንደ ኖሩ ይታያል፤ ይኸውም ስለ ማሽን የተጻፈው ነገር እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ግሬስ ብሩስተር መሪ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የደወል ሰዓት በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ጓጉተው አንዱን ፈቱ፤ መልሰው መግጠም ሲያቅታቸው አሠራሩን ለማየት ሁለተኛውን ፈቱ፤ እንዲህ እያሉ በቤት ውስጥ የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች በሙሉ በታተኗቸው። እናታቸውም ልጃቸውን ከመከልከል ይልቅ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲፈቱ ፈቀዱላቸው።

በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። ከዬል ዩኒቨርሲቲ በ1930 የማስተርስ፣ በ1934 የዶክተርነት ማዕረግ በሒሳብ አገኙ። በ1930 ከቪንሰንት ሆፐር ጋር ተጋቡ፤ ጋብቻው በ1945 በፍቺ ቢያበቃም በባለቤታቸው ስም መጠራታቸውን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልተዉም።

ከ1931 ጀምሮ በቫሳር ሲያስተምሩ ተማሪዎቻቸውን የሒሳብ ጥያቄ በማስፈታት ብቻ አይወሰኑም ነበር። አንድን የሒሳብ ቀመር በድርሰት መልክ ጽፈው እንዲያብራሩ ያዝዟቸው ነበር። ተማሪዎቹ የመጣነው ሒሳብ ልንማር እንጂ ድርሰት ልንጽፍ አይደለም እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ ለሌላ ሰው ማስረዳት የማይቻል ሒሳብ ጥቅሙ እምብዛም መሆኑን ይነግሯቸው ነበር። ይህ የመምህርነት ልማድ ከጊዜ በኋላ ፈጽሞ ባላሰቡት ቦታ አገልግሏቸዋል።

ከማርክ አንድ ፊት ለፊት

በዲሴምበር 1941 አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሆፐር ወደ ባሕር ኃይል ለመግባት ጠየቁ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ክብደታቸውም ከሚፈለገው በታች ነው ተብለው በመጀመሪያ ተከለከሉ። ተስፋ ሳይቆርጡ በልዩ ፈቃድ በዲሴምበር 1943 የባሕር ኃይል ተጠባባቂ አባል ሆኑ። የመኮንንነት ሥልጠናቸውን በ1944 ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ከፈጸሙ በኋላ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተላኩ።

በሃርቫርድ የጠበቃቸው በፕሮፌሰር ሀዋርድ ኤይክን ሐሳብ አመንጪነት በአይ ቢ ኤም ኩባንያ መሐንዲሶች የተሠራው ማርክ አንድ ነበር። ማሽኑ 15 ሜትር ከግማሽ ርዝመትና 2 ሜትር ከ40 ከፍታ ነበረው፤ ክብደቱ አምስት ቶን ያህል ሲሆን፣ በውስጡ ወደ 750,000 የሚጠጉ ክፍሎችና 800 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቦ ይዟል። እያንዳንዳቸው ባለ 23 አሐዝ የሆኑ 72 ቁጥሮችን ማስቀመጥ ይችል ነበር። በአንድ ሰከንድ ሦስት ጊዜ ይደምራል፤ ለማባዛት ስድስት፣ ለማካፈል አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ትእዛዙን የሚቀበለውም ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ነበር።

ይህን ግዙፍ ማሽን እንዴት ማዘዝ እንደሚቻል የሚያስተምር መጽሐፍ ግን አልነበረም። ለሆፐር የተሰጣቸው የትእዛዞቹ ቁጥሮች የተዘረዘሩበት ጽሑፍና የመጀመሪያውን ስሌት እንዲያቀርቡ የአንድ ሳምንት ጊዜ ብቻ ነበር። የቀረውን ከእርሳቸው በፊት ሥራ ከጀመሩት ሁለት ወጣት መኮንኖች ከሮበርት ካምቤልና ከሪቻርድ ብሎክ እየጠየቁ፣ የማሽኑንም የንድፍ ሥዕሎች እያገላበጡ ተማሩት። ዕውቀቱ በጥቂት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ የነበረ በመሆኑ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ቢታመም ወይም ወደ ሌላ ግዳጅ ቢዛወር ሥራው ይጓደል ነበር።

ማሽኑ ቀንና ሌሊት ያለ ማቋረጥ ይሠራ ነበር። ፕሮግራሙን የሚጽፈው መኮንን ሌሊት አጠገቡ ስለማይገኝ ከእያንዳንዱ ፕሮግራም ጋር ለኦፕሬተሩ የሚሰጥ የጽሑፍ መመሪያ ይዘጋጅ ነበር። የትኛው ጥብጣብ በየትኛው ቦታ እንደሚገባ፣ የትኛው ማብሪያ እንደሚዞር፣ ማሽኑም በማረጋገጫው ነጥብ ላይ ቢቆም ምን መደረግ እንዳለበት በዝርዝር ይሰፍርበታል። ከዚያ ወረቀት ላይ አንዲት ቃል ብትሳሳት የሌሊቱ ሥራ በሙሉ ከንቱ ይሆናል። ስሌቱም ተራ ስሌት አልነበረም። በ1944 ከሎስ አላሞስ የመጡት የሒሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን ለአቶሚክ ቦምብ ሥራ የሚያገለግል ስሌት በዚሁ ማሽን አሠርተዋል፤ የቤተ ሙከራው ሠራተኞች ግን ስሌቱ ለምን እንደሚውል አልተነገራቸውም ነበር።

ማሽኑም እንደ ተሠራ አልቆየም፤ በየጊዜው ይሻሻል ነበር። ከባልደረቦቻቸው አንዱ ሌሊት የኤሌክትሪክ መስመሮቹን እየለወጡ ስለሚያድሩ፣ ማታ በትክክል የሠራ ፕሮግራም ጧት እንደማይሠራ ሆፐር በኋለኛው ዘመናቸው ያወሱ ነበር። ስለ ማሽን የተጻፈ ነገር በተጻፈበት ቀን እውነት ሆኖ በማግሥቱ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል የተረዱት ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ

ኤይክን አንድ ቀን ሆፐርን አስጠርተው ስለ ማሽኑ መጽሐፍ እንዲጽፉ አዘዟቸው። ሆፐር መጽሐፍ ጽፈው እንደማያውቁ ቢናገሩም በባሕር ኃይል ውስጥ መሆናቸው ተነገራቸው፤ የወታደር ትእዛዝ ደግሞ አይመለስም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የጻፉትን ገጾች ማታ ማታ ለኤይክን እያነበቡ፣ እየታረሙም ሥራውን ቀጠሉ። ጸሐፊዋ ያው የማሽኑ ፕሮግራም አዘጋጅ ስለሆኑ በገጹ ላይ ያሰፈሩትን ነገር ከማሽኑ ጋር ለማስተያየት ከክፍል ክፍል መሻገር ብቻ ይበቃቸው ነበር። የመጽሐፉ ጥንካሬ ከዚህ የመጣ ነው።

ከ500 ገጽ በላይ የሆነው ይህ መመሪያ በ1946 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። አብዛኛውን የጻፉት ሆፐር ቢሆኑም በደራሲነት የተመዘገበው የስሌት ቤተ ሙከራው ባልደረቦች የጋራ ስም ነው። መጽሐፉ ከእንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ጀምሮ ያለውን የስሌት ማሽኖች ታሪክ ካወሳ በኋላ የማሽኑን ክፍሎች፣ የኤሌክትሪክ መስመሮቹንና የአዘዛዙን ሥርዓት ከምሳሌዎች ጋር ይዘረዝራል። በመጽሐፉ መነሻ ላይ የባቤጅ ስም መነሣቱ ተገቢ ነው፤ ባቤጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስሌት ማሽን ለመሥራት የተነሣሡት በእጅ ተሰልተው በሚታተሙ የሒሳብ ሰንጠረዦች ስሕተት ተማርረው ነበርና።

የሚወረሰው ስሕተት

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሆፐር በሃርቫርድ በተመራማሪነት ቆዩ፤ ቋሚ ቦታ ግን አላገኙም። በ1949 ፊላዴልፊያ ወደሚገኘው የኤከርትና የሞክሊ ኮምፒዩተር ኩባንያ ተዛወሩ። ኩባንያው በ1950 በሬሚንግተን ራንድ የተገዛ ሲሆን፣ ዩኒቫክ የተባለው ኮምፒዩተሩ በ1951 ለአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ተሰጠ።

በዚያን ዘመን የፕሮግራም አዘጋጆች በትክክል መሥራታቸው የተረጋገጠላቸውን አጫጭር የፕሮግራም ክፍሎች በደብተሮቻቸው ይመዘግቡ ነበር። አንዱ ሌላው የሠራውን ሲፈልግ ደብተሩን ተውሶ በእጁ ይገለብጣል፤ ከአዲሱ ፕሮግራም ጋር እንዲስማማም የማስቀመጫ ቦታ ቁጥሮቹን እየደመረ ይለውጣል። ሆፐር ይህን አሠራር ተመልክተው ከሁለት ድምዳሜዎች ደረሱ፤ ፕሮግራም አዘጋጆች በትክክል መደመር አይችሉም፣ በትክክል መገልበጥም አይችሉም። ቢ የተባለው የላቲን ፊደል ሲገለበጥ 13 ይሆናል። ባዶ ቦታን የሚያመለክተው ዴልታ የተባለው ምልክትም አንዴ 4፣ አንዴ ሌላ ፊደል መስሎ ይነበባል። ከምንጩ ትክክል የነበረው ጽሑፍ ሦስተኛው ደብተር ዘንድ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል።

መፍትሔው ሰዎችን የበለጠ እንዲጠነቀቁ መምከር አልነበረም። ሆፐር የተፈተኑትን የፕሮግራም ክፍሎች በማግኔት ቴፕ ላይ አኑረው ለእያንዳንዳቸው መጥሪያ ቁጥር ሰጡ። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራም አዘጋጁ የሚጽፈው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ክፍሉን ከቴፑ ፈልጎ የሚገለብጠውና አድራሻዎቹን የሚደምረው ኮምፒዩተሩ ራሱ ሆነ። በዚህ ዓይነት ኤ ዜሮ የተባለው ኮምፓይለር ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1952ም ሐሳባቸውን በፒትስበርግ በተደረገ የሞያ ጉባኤ ላይ በጽሑፍ አቀረቡ። ኮምፒዩተር ከስሌት በቀር ሌላ ነገር አይሠራም ብለው የሚያምኑ ብዙ ሰዎች ግን ነገሩን ለመቀበል ጊዜ ወስዶባቸዋል።

ቀጥሎም ፕሮግራሙ ራሱ የሚነበብ ጽሑፍ እንዲሆን ተነሡ። የንግድና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሒሳብ ምልክቶችን ስለማይወዱ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚታዘዝ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረቡ። በ1955 ለኩባንያው ኃላፊዎች ሥራውን ሲያሳዩ ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላትም ጽፈው አቀረቡ። ለማሽኑ ልዩነት እንደሌለው ለማሳየት አስበው ቢሆንም፣ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ማሽን የባዕድ ቋንቋ እንዴት ሊያውቅ ይችላል በሚል ኃላፊዎቹ መደናገጣቸውን እየሣቁ ያወሩ ነበር። ከዚህ ጥረት ፍሎው ማቲክ የተባለው ቋንቋ ተገኘ።

መጽሐፍን በማሽን መፈተን

በ1950ዎቹ መጨረሻ ለአንዱ ኩባንያ ኮምፒዩተር የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ አይሠራም ነበር። በሜይ 1959 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የኮምፒዩተር ኩባንያዎችና የተጠቃሚዎች ወኪሎች በፔንታጎን ተሰብስበው ለሁሉም የሚሆን የንግድ ሥራ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ተስማሙ። ይህም ኮቦል የተባለው ነው። የኮቦል እናት እየተባሉ ቢጠሩም ቋንቋውን የነደፈው ከልዩ ልዩ ድርጅቶች የተውጣጣ ኮሚቴ እንጂ ሆፐር ብቻቸውን አልነበሩም። የእርሳቸው ድርሻ በቴክኒክ አማካሪነት ያደረጉት እገዛና ፍሎው ማቲክ ለኮሚቴው ያስገኘው መሠረት ነው። የቋንቋው ድንጋጌ በ1960 ታተመ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ማሽኖች፣ ይኸውም በአር ሲ ኤ 501ና በዩኒቫክ ሁለት ላይ እንዲሠራ ተደርጎ ታየ።

ይሁን እንጂ ድንጋጌ መታተሙ ችግሩን ሙሉ በሙሉ አልፈታውም። እያንዳንዱ ኩባንያ ኮቦል ብሎ የሚሸጠው ኮምፓይለር የየራሱ ተጨማሪና ጉድለት ነበረው፤ በመመሪያው ላይ የተጻፈው ሁሉም በማሽኑ ላይ አይገኝም ነበር። የባሕር ኃይሉም ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር ፕሮግራሞቹን እንደገና ለመጻፍ ይገደድ ነበር።

ሆፐር በ1966 መጨረሻ ዕድሜያቸው ስለ ደረሰ ከተጠባባቂ ኃይሉ በጡረታ ተሰናብተው ነበር። ነገር ግን በኦገስት 1967 ይህንኑ ችግር እንዲያቃልሉ ለስድስት ወር ተብለው ተጠሩ፤ ስድስቱ ወርም 19 ዓመት ያህል ሆነ። በእርሳቸው አመራር ሥር የተሠማሩት ባለሞያዎች የቋንቋውን ድንጋጌ አንቀጽ በአንቀጽ የሚፈትኑ ፕሮግራሞችን አዘጋጁ። አንድ ሻጭ ኮምፓይለሩ ከድንጋጌው ጋር ይስማማል ሲል ፕሮግራሞቹ በማሽኑ ላይ ይሠራሉ፤ ያለፈውና የወደቀው ተለይቶ ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ የሻጩ መመሪያ ቃል ብቻውን ማስረጃ መሆኑ ቀረ። ኮቦል በ1968 የአሜሪካ ብሔራዊ ስታንዳርድ ሆነ፤ ይህም የፍተሻ ዘዴ በኋላ በፌዴራሉ መንግሥት የኮምፒዩተር ግዥ ውስጥ ቦታ አገኘ።

ለንግግር በሚጋበዙበት ጊዜም ሊዳሰስ የሚችል ማስረጃ ይወዱ ነበር። በቢሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሊጓዝ የሚችለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሽቦዎች እየቆረጡ ለአድማጮቻቸው ያድሉ ነበር። በቢሯቸውም ወደ ኋላ የሚዞር የግድግዳ ሰዓት ሰቅለው፣ ከልማድ ውጭ የሆነ ሁሉ ስሕተት እንዳልሆነ ለጎብኚዎቻቸው ያሳዩበት ነበር።

በ1973 የካፕቴንነት፣ በ1983 የኮሞዶርነት ማዕረግ ተሰጣቸው፤ በ1985 ማዕረጉ ሪር አድሚራል ተብሎ ተለወጠ። ኦገስት 14 ቀን 1986 በ79 ዓመታቸው ቦስተን ወደብ በሚገኘው ጥንታዊ የጦር መርከብ በኮንስቲቲዩሽን ላይ በተደረገ ሥነ ሥርዓት ተሰናበቱ። ከዚያም በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ በአማካሪነት አገልግለው ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ የመቃብር ሥፍራም በወታደራዊ ክብር ተቀበሩ። በ1997 የባሕር ኃይሉ አንዲት የጦር መርከብ በስማቸው አገልግሎት ላይ አዋለ፤ በ2016 ደግሞ የፕሬዚዳንቱ የነጻነት ሜዳይ ከሞቱ በኋላ ተሰጣቸው።

ትሩፋቱና መዝገቡ

ኮቦልን ያዘጋጁት ሰዎች ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ቃላት ከተጻፈ ሌላ ማብራሪያ እምብዛም እንደማያስፈልገው ተስፋ አድርገው ነበር። ጊዜ ግን የተስፋውን ወሰን አሳየ። ፕሮግራም ምን እንደሚሠራ ሊነበብ ይችላል፤ ለምን እንዲህ እንደሚሠራ ግን ሰው ካልጻፈው አይታወቅም። በኤፕሪል 2020 በወረርሽኙ ምክንያት የሥራ አጥ ድጎማ ጠያቂዎች በበዙ ጊዜ የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ የኮቦል ባለሞያዎች እንዲተባበሯቸው በይፋ እስከ መጠየቅ ደርሰዋል። ፕሮግራሞቹ በማሽኖቹ ላይ ይሠሩ ነበር፤ ያነሱት የሚያውቋቸው ሰዎች ናቸው።

ዛሬ የትላልቅ ኮምፒዩተሮች መመሪያ ከመደርደሪያ ወርዶ በስክሪን ላይ ይነበባል። ይህ ለፍለጋ ቢመችም የሆፐርን ጥያቄ አላስቀረውም። የታተመ መጽሐፍ ሲያረጅ ሽፋኑና ዓመተ ምሕረቱ ይመሰክሩበታል፤ በስክሪን ላይ የሚታይ ገጽ ግን ማሽኑ ከተለወጠ በኋላም አዲስ መስሎ ይታያል። ለየትኛው የማሽን ዓይነትና ለየትኛው የፕሮግራም እትም እንደ ተጻፈ፣ መቼና በማን እንደ ተሞከረ የማይናገር ገጽ፣ በሌሊት ተረኛው እጅ ላይ ከሦስተኛው ሰው ደብተር የተለየ ዋጋ የለውም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በሆፐር በራሳቸው ላይ የደረሰው ነው። በ1945 በኮምፒዩተር ውስጥ የመጀመሪያውን ተባይ ያገኙትና ለማሽን ብልሽትም ተባይ የሚለውን ስም ያወጡለት እርሳቸው ናቸው እየተባለ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል፤ አንዱ ጸሐፊም ከሌላው እየገለበጠ ታሪኩን አስፋፍቶታል። ነገር ግን በሃርቫርድ የነበረው የማርክ ሁለት የዕለት ሥራ መዝገብ ዛሬ በዋሺንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል። የገጹ ቀን ሴፕቴምበር 9 ሲሆን ነገሩ የሆነው በ1947 ነው። ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ከ45 ገደማ፣ ኤፍ በተባለው ፓነል 70ኛው ሪሌ ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተገኝታ በገጹ ላይ ተለጥፋለች። ያገኟት የማሽኑ ሠራተኞች ናቸው፤ ሆፐር ታሪኩን ደጋግመው በማውራት ዝነኛ አደረጉት እንጂ አላገኟትም። ቃሉም ከእርሳቸው በፊት በቶማስ ኤዲሰን ዘመን በመሐንዲሶች ዘንድ ይሠራበት ነበር፤ የመዝገቡም አጻጻፍ ለጸሐፊው አዲስ ቃል እንዳልነበረ ያሳያል።

የሌሊትና የቀን ተረኞች ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የፓነሉንና የሪሌውን ቁጥር በመጻፋቸው፣ ማስረጃዋንም በገጹ ላይ በማጣበቃቸው፣ በዓለም የተሠራጨው ታሪክ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊታረም ቻለ። የዶክተር ሆፐርን ዝና አንድ ነገር ቢቀንሰውም፣ መዝገቡ የሠራው ሆፐር ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመዝገብ የጠየቁትን ነው።